የዘለልኩት በር

ቡራዩ፣ ረቡዕ የካቲት 6 ቀን 1960 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የገዛሁት የትምህርት ዝግጅት ልጽፍበት ነበር። ግን ዛሬ አንድ ሰው ላይ ካልጮኽኩ መፈንዳቴ ነው፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ደግሞ የሚጮኽበት ሰው የለም። ልጆቹ ላይ አይጮኽም። አሠልጣኛችን መምህር ዳኜ ላይ ከጮኽኩ ነገ ዕቃዬን ሸክፌ መሄድ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ይቻለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይነ ስውራንን ለማስተማር ፈቃድ እንዲሰጠን እኔና ካሳሁን በዚህ ትምህርት ቤት ሥልጠና ላይ ነን። ሰኔ ላይ ኢንስፔክተር ይመጣል። ዓይናችን በሻሽ ታስሮ አንድ ገጽ ብሬል በጣታችን እናነብባለን። ከዚያ በፊት ደግሞ በተመደብንበት ሰፈር ቤት ለቤት ዞረን ዓይነ ስውር ልጆችን መዝግበን ዝርዝሩን ማስረከብ አለብን። ካለፍኩ ፈቃድ። ከወደቅኩ ዘጠና ልጅ ወደታጨቀበት ወደ ድሮው ክፍሌ ተመልሼ የጠመኔ ብናኝ እየዋጥኩ ማርጀት።

ምዝገባውስ ይሁን። እኔን የጨረሰኝ ጣት ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ ዳበስኩ። ለኔ ጣት ስድስቱም ነጥብ አንድ ነው፤ ጤፍ የተበተነበትን ጠረጴዛ መዳበስ ማለት ነው። በዓይኔ ሲሆን ግን ምንም ችግር የለም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ዘንበል ሳደርገው እያንዳንዷ ነጥብ ትንሽ ጥላ ትጥላለች፣ እንደ ጋዜጣ አነብበዋለሁ። ካሳሁንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። "በዓይንሽ አንብቢው፣ እዚህ ማን ያይሻል?" አለኝና በራሱ ቀልድ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ግን እንዳለው አደረግኩ።

ሰኞ የካቲት 11

ቸኩያለሁ፣ ደወል ሊደወል ነው። ዛሬ ሰማዩ ጠቆረና ለልጆቹ ሳነብ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። ገለቴ እጇን አወጣች። ገለቴ የገፈርሳ ልጅ ናት፣ ዕድሜዋ አሥራ አንድ፣ ምላሷ የአርባ ዓመት ሴት።

"እትዬ ስንዱ፣ ደመና ሲሆን ለምንድን ነው የሚሳሳቱት?"

ደመና መሆኑን በምን አወቅሽ አልኳት።

"ፀሐዩ ከክንዴ ላይ ተነሣ። ከዚያ እርስዎ መሳሳት ጀመሩ። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው።"

ብርድ ነው አልኩ። ብርድ! ሌላ ምን ልበል?

ዓርብ የካቲት 15

የፈቃድ ማመልከቻ ቅጽ ሞላን። ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ። ከመጨረሻው በፊት ያለው ጥያቄ "በቤተሰብዎ ውስጥ ዓይነ ስውር አለን?" ይላል። ምን አገባቸው? "የለም" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ከግርጌው በትናንሽ ፊደል፣ የተሰጠው ቃል ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ፈቃዱ እንደሚሰረዝ ተጽፏል። ከፈረምኩ በኋላ ነው ያየሁት። ብቻ እንዲያ ይመስለኛል።

ለምዝገባ ካሳሁን ገፈርሳ ደረሰው፤ ከዚህ ሃያ ደቂቃ በእግር ነው። እኔ ሱሉልታ። "አገርሽ ስለሆነ ይቀልሻል" ተባልኩ። ይቀለኛል! ከቡራዩ አዲስ አበባ አንድ አውቶቡስ፣ ከዚያ የጎጃም መንገድ መኪና እስኪሞላ ጥበቃ፣ ከዚያ እንጦጦን በጭስ እየታፈኑ መውጣት።

አከራዬ አዴ ጠጅቱ ሲመሽ በሬ ላይ ቆመው ለመኑኝ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ሥራ ይቅርብሽ። ከነሱ ጋር ስትውዪ የሚያይ ሰው በዘሯ አለ ነው የሚለው። ማን ያገባሻል?" በዘሬ የለም አልኳቸው። ቶሎ ነው ያልኩት። ለምን እንደዚያ እንደቸኮልኩ እሳቸውም የገረማቸው መሰለኝ።

ቅዳሜ የካቲት 23

እግሬ ተላጠ። ሱሉልታ ውዬ መጣሁ።

ጾሙም ያዘኝ መሰለኝ፣ ሰው ሁሉ አናደደኝ። አንዱ በር ላይ "ዓይነ ስውር የለንም" ይሉኛል፤ ከጀርባቸው ልጁ ግድግዳ ይዞ ቆሟል። ሌላው ቤት ልጅቷን በርበሬ ጆንያ ኋላ ሸሽገው በማስነጠሷ ተያዙ። ወይዘሮ የሺወርቅ የምትባለው ጎረቤታችን ደግሞ የአምስት ዓመት ልጇን ከአንሶላ በታች አስተኝታ "የእንግዳ ዕቃ ነው" አለችኝ። ዕቃው ይስቃል! እዚያ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ግቢዋ መካከል ቆሜ ጮኽኩባት። "ልጅ አይደበቅም! ምን አጠፋ? ሰርቋል? ገድሏል? ፀሐይ እንኳ እንዳይነካው የምታደርጊው ማን ስለሆንሽ ነው?" አልኩ። የሺወርቅ አለቀሰች፣ ልጇንም አስመዘገበች። ሰባተኛዬ ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረስኩ።

የኛ ግቢ ከየሺወርቅ ጋር አጥር ለአጥር ነው። አልገባሁም። መሽቶብኝ ነበር።

ከላይ ዘጠኝ ሰዓት ብያለሁ። ይሁን።

ቅዳሜ የካቲት 30

ለዚህ ደብተር ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ወንድሜ ጌታቸው ፊቼ አይደለም። ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው ፊቼ አጎታችን ዘንድ ተልኮ እንደሚኖር ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ፈንጣጣ ዓይኑን ወሰደው፤ እናቴ ያን ሰሞን ሰው ሲጠይቃት "ላክሁት" አለች፣ ከዚያ ቃሏን መመለስ አቃታት። ሰባት ዓመት ሆነው። የሚኖረው ጓሮ ባለችው ክፍል ነው፤ የሚወጣው ሰው በሌለበት ሰዓት ነው። እናቴ ክፉ አይደለችም። ምግቡን ከማንኛችንም በፊት ለእሱ ነው የምታወጣው። እኔም የታላቅነቴን አንድ ቀን እንኳ ተይ ብያት አላውቅም። በፈቃዴ ነው እዚህ ትምህርት ቤት የተመዘገብኩት፤ ሰው ለምን ሲለኝ "ሌላ ቦታ አልነበረም" እላለሁ።

ቅጹን ቀይሪው ይለኛል ልቤ። እንዴት? ብቀይረው እናቴን በሱሉልታ ሕዝብ ፊት ውሸታም ማለት ነው። ባልቀይረው... በቃ። እንቅልፌ መጣ።

እሑድ መጋቢት 8

ከትምህርት ቤቱ አንድ ስሌትና መውጊያ፣ ከዚያም ወፍራም ወረቀት ይዤ ቤት ሄድኩ። ስሌት ማለት ወረቀቱን ቆንጥጦ የሚይዘው ባለ ቀዳዳ ብረት ነው፤ በመውጊያው ነጥብ በነጥብ ይበሳል። ጌታቸውን ላስተምረው ነው። ለልምምድ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም፤ ለሥልጠናው ጀማሪ ማስተማር ያስፈልገኛል።

ከስሌቱ ጋር የመጣው ጣጣ መበሳቱ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ተገልብጦ ይበሳል፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። እኔ ይህን ለመቀበል ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ጌታቸው "አሃ፣ ከጀርባው ማየት ነው" ብሎ አለፈው። ዓይኑ ሳይጠፋ ፊደል ቆጥሮ ስለነበር ፊደሎቹን ዛሬውኑ አጋመሳቸው። ተናደድኩ። በሱ ፍጥነት መናደዴ ራሱ አናደደኝ። "ጭንቅላትህ ድንጋይ ነው" አልኩት፣ አንዲት ነጥብ ስለሳተ።

እናቴ በየደቂቃው ትመጣለች። "ቀስ በሉ! ጠቅ ጠቅ ይላል፣ የሺወርቅ ትሰማለች!" መጨረሻ ላይ ብርድ ልብስ አምጥታ ልጁንም ብረቱንም ሸፈነቻቸው።

ሐሙስ መጋቢት 12

የዚህ ትምህርት ቤት ልማድ! ዛሬ ጅማ ካለ የቀድሞ ተማሪ በብሬል የተጻፈ ደብዳቤ መጣ። ለአንድ ልጅ የተጻፈ ነው፤ ግን ምሳ ቤት ተራ የደረሰው ልጅ ቆሞ ለሁሉም ጮክ ብሎ ያነብበዋል። ስለ እዳው፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ሆዱ ሕመም ሁላችንም ሰማን። ይህ ነውር አይደለም ወይ አልኳቸው መምህር ዳኜን። መምህር ዳኜ ራሳቸው ዓይነ ስውር ናቸው፤ ብሬል የሚያስተምሩን እሳቸው ናቸው።

"ስንዱ፣ አንቺ ደብዳቤ ሲመጣልሽ ታነብቢዋለሽ። እኛ የሚመጣልን ሌላ ሰው ያነብልናል፣ በአንባቢው ድምፅ ውስጥ ሲያዝንልን እንሰማዋለን። በብሬል የመጣ ግን የራሳችን ነው። በዓመት ሦስት ቢመጣ ነው። እንዴት ለብቻ ይበላል?"

በዓመት ሦስት። እሺ። ለኔ ብቻ እንዳይመጣልኝ።

ዓርብ መጋቢት 20

ተያዝኩ።

መምህር ዳኜ ንባቤን ሊያዳምጡ ጠሩኝ። በመስኮቱ በኩል ፀሐይ ነበረ፣ አንድም ሳልሳሳት አነበብኩ። ስጨርስ ምስጋና ጠበቅኩ።

"ጎሽ። አሁን ደግሞ በጣትሽ አንብቢልኝ።"

"በጣቴ ነው ያነበብኩት፣ መምህር።"

"ጣት ወረቀት ላይ ሲሄድ ድምፅ አለው። ያንቺ ጣት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ተቀምጧል።" ቆም አሉና፣ "ካሳሁንም እንደዚሁ ነው፤ ንገሪው" አሉ።

ነገርኩት። "ሻሹን ላላ አድርገው ካሰሩት ከታች በኩል ይታያል፣ አትጨነቂ" አለኝ። የሚያስቀናኝ እንቅልፉ ነው። ይተኛል እኮ!

እሑድ ሚያዝያ 6

በጥድፊያ። መኪና ላይ እጽፋለሁ፣ ፊደሌ ይዘላል። ጌታቸው ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። እኔ በጣቴ ገና ቃል ላይ ነኝ። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው እስከ አሥራ አራት። ታዲያ ለምን አስተምረዋለሁ? ለልምምድ ብያለሁ አይደል።

ሰኞ ሚያዝያ 14

ትናንት ፋሲካ ነበር። ቤት ዋልኩ። እንግዳ ከጠዋት ጀምሮ ስለገባ እናቴ የጓሮውን ክፍል ከውጭ ቆለፈችው። ዶሮው በሳህን ተላከለት። አንዲት የአባቴ ዘመድ፣ "ጌታቸውስ? ፊቼ ለፋሲካ እንኳ አይለቁትም?" አለች። እናቴ ወጥ ልትጨምር ጎንበስ አለች። እኔ ነኝ የመለስኩት። "ሥራ በዝቶበት ነው" አልኩ። ደግሞ ሳቅ አድርጌ።

የጓሮዋ ክፍል ከሳሎኑ የምትለየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሁሉም ይሰማል። እኔ፣ ልጅ አይደበቅም ብዬ ጎረቤት ያስለቀስኩ ሴትዮ።

ዓርብ ግንቦት 2

መጻፍ አለብኝ፣ ካልጻፍኩ ይህን ቀን አላምነውም።

ምሳ ላይ ነበርን። ዘበኛው ከድሩ ወረቀት ይዞ ገባ። ከሱሉልታ ኦቦ ገርባ የሚባል ፈረስ ነጋዴ በር ላይ ሰጥቶት ሄዷል። ከድሩ ሲዳብሰው ነጥብ ነጥብ ሆነበት፤ ላዩ ላይ የቀለም ጽሕፈት የለም። ብሬል ነው ብሎ እንደ ልማዱ ምሳ ቤት አመጣው። ተራው የገለቴ ነበር። እኔ ምስሬን እየበላሁ ነበር፣ ሰላም በሰላም።

"ተደፍጥጧል" አለች ገለቴ ጣቷን እያስኬደች። "ቆይ። ይድረስ... ለእህቴ ለስንዱ።"

ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። መነሣት ነበረብኝ፤ አልተነሣሁም።

"እንደምን ሰነበትሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጥጃዋ ጡት ተወች። ያመጣሽልኝ ወረቀት አልቆ ይህን የምጽፈው በስኳር ከረጢት ላይ ነው። እማማ የብረቱ ድምፅ እንዳይሰማ ብርድ ልብስ ታለብሰኛለች፣ በላብ ሞትኩ። አንቺም ስታስተምሪኝ አትቆጪ። ጭንቅላትህ ድንጋይ ነው ያልሽኝ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ነው።"

ምሳ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ስልሳ ልጅ! አንዱ ከኋላ "እኛንም ነው የሚሉን!" አለ። ገለቴ እየሳቀች ቀጠለች።

"ሰው ሁሉ ፊቼ ነው ሲለኝ ሰባት ዓመት ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሰማሁ። አልተቀየምኩም። ግን ስንዱ፣ በአፌ ልነግርሽ ያልቻልኩት አንድ ነገር..."

ያን ጊዜ ደርሼ ነጠቅኳት። ከእጇ ላይ፣ እያነበበች ሳለ። ሳቁ ቆመ። ገለቴ ባዶ ጣቷን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። "እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?" አለች። ትቻት ወጣሁ።

ከድሩን በቁጣ ጠየቅኩት። ደብዳቤውን ለኦቦ ገርባ የሰጠው ማን ነው? ከድሩ የሰማውን ነገረኝ። ኦቦ ገርባ በኛ አጥር ሥር ሲያልፉ ከጓሮ የሆነ ልጅ "አካም ቡልተን፣ ኦቦ" ብሎ በሰላምታ ጠራቸው፤ ወረቀቱን በአጥሩ ቀዳዳ ሰጣቸውና የት እንደሚያደርሱ ነገራቸው። ሽማግሌው ዝናብ እንዳይነካው ብለው ከኮርቻቸው ሥር አደረጉት። ነጥቡ የተደፈጠጠውም ለዚህ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ወንድሜ ላይ ተቀምጠውበታል።

ቅዳሜ ግንቦት 3

ካሳሁን ጠዋት አገኘኝ። "ቅጹ ላይ ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው?" አለ። "እኔ አልናገርም። ግን ኢንስፔክተሩ ቢሰማ ፈቃድሽን ረስተሽው ቁጭ በይ።" መምህር ዳኜ ግን ስለ ቅጹ አልጠየቁኝም። በመተላለፊያው ላይ አስቆሙኝና፣

"ደብዳቤውን ጨረስሽው?" አሉ።

"አልተነበበልኝም፣ መምህር። ነጥቡ ጠፍቷል።"

"ለዓይንሽ ነው የጠፋው።"

እውነታቸውን ነው፣ ምን ያድርጉኝ! ወረቀቱን መስኮት ላይ አዘነበልኩት፣ ፀሐይ ላይ ይዤው ወጣሁ። ቡናማ የስኳር ከረጢት ነው፣ ጥላ የሚባል ነገር የለውም። የመጨረሻዎቹ አራት መስመሮች ለዓይኔ ባዶ ወረቀት ናቸው።

ዓርብ ግንቦት 9

ስድስት ቀን፣ ሦስት ቃል። "ግቢ"፣ "ሰማሁ"፣ ሦስተኛው ወይ "አጥር" ነው ወይ "አንጥር"። እሱ ደግሞ ምን ማለት ነው? ለገለቴ ስጪያት ይለኛል ልቤ። ስልሳ ልጅ ፊት የነጠቅኩትን መልሼ አንብቢልኝ ልበላት? በዚያ ላይ ምን እንደሚል ስለማላውቅ እፈራለሁ። ስለማውቅም ይሆናል።

ቅዳሜ ግንቦት 17

ገለቴን ይቅርታ ጠየቅኳት። በሕይወቴ ልጅ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም። እሷ ግን ስትጠብቅ የቆየችው ሌላ ነገር ነበር። "ጣትዎን ያምጡ" አለችኝ። ጣቴን በወረቀቱ ላይ ስታስኬደው ከት ብላ ሳቀች።

"ይጫኑታል! ሲጫኑት እኮ ዝም ይላል። የሞቀ እንቁላል ከዶሮ ሥር ሲያወጡ እንዴት ነው የሚነኩት? እንደዚያ ነው። ደግሞ አይቁሙ፤ ጣት ሲቆም ይታወራል።"

ጣት ሲቆም ይታወራል! በአሥራ አንድ ዓመቷ! አራት ወር የሠለጠንኩት ማን እጅ ነው እንግዲህ?

ጻፍኩ፣ አነበብኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ከተከራየሁት ክፍል ኋላ ስቀመጥ አዴ ጠጅቱ ሊያገኙኝ መጥተው "አሞሽ ነው?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

እሑድ ግንቦት 25

ሱሉልታ አልሄድኩም። ደብዳቤውን ጨረስኩት።

አራቱ መስመሮች ይህን ይላሉ። "ያን ቅዳሜ ልትመዘግቢ ስትዞሪ የሺወርቅ ግቢ የተናገርሽውን በአጥሩ በኩል ሰማሁ። ልጅ አይደበቅም ስትዪ። ቀጥሎ ወደኛ የምትመጪ መስሎኝ ነጩን ሸሚዜን ለብሼ ተቀምጬ ጠበቅኩሽ። እስኪመሽ አላወለቅኩትም።"

በጣቴ ነው ያነበብኩት። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። አልተሳሳትኩም።

ያን ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐይ ነበረ። አልመሸም ነበር።

ረቡዕ ሰኔ 5

ፈተናው ዛሬ ነበር።

ሻሹ ከመታሰሩ በፊት መምህር ዳኜ ቀስ ብለው ተነሥተው የክፍሉን መስኮቶች አንድ በአንድ ዘጉ። ኢንስፔክተሩ "ምን ያስፈልጋል?" ሲሉ፣ "እኛ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናነበው፣ ጌታዬ" አሉ። ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ፤ ኢንስፔክተሩ ብዕራቸውን ሲፈልጉ ቀለሙን ደፉት። ካሳሁን መጀመሪያ ተጠራ። ከሻሹ ሥር የሚያየው ብርሃን አጣ። እርዳታ እንደሚፈልግ ሰው ወረቀቱን ሲያሽ፣ ሲያሽ፣ አንድ መስመር እንኳ አልጨረሰም። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅበት ነበር።

እኔ አነበብኩ። ሁለት ቦታ ተንቀራፈፍኩ፣ አንዷን ቃል ስቼ ተመለስኩ። ጨረስኩ። ጣቴ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ራሴ ሰማሁት፣ ሽር ሽር ይላል። መምህር ዳኜ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡ ነበር።

መስኮቱ ተከፈተ። ኢንስፔክተሩ "ጥሩ ነው፣ አልፈሻል። የምዝገባው ዝርዝር?" አሉና ብዕራቸውን አነሡ። ፈቃዱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ስሜ ተጽፎበታል፣ የቀረው ፊርማ ነው።

ዝርዝሩን ሰጠኋቸው። ሰባቱ ስሞች በቀይ ቀለም፣ ስምንተኛው፣ ጌታቸው፣ በሰማያዊ። ከዝርዝሩ በላይ ከጽሕፈት ቤቱ መልሼ ያወጣሁትን የየካቲቱን ቅጽ አስቀመጥኩ፤ "የለም" የሚለውን ሰርዤ "አለ" ብዬበታለሁ።

አዩት። ቅጹን አዩ፣ እኔን አዩ። "ስለዚህ ያን ጊዜ የፈረምሽው ሐሰት ነበር?"

"አዎ ጌታዬ።"

"ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

ብዕሩን ከደኑት። ብዙ አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ፈቃዱ እስከሚመጣው ሰኔ ታግዶ ይቆያል፤ እስከዚያ ከመምህር ዳኜ ሥር በረዳትነት። ስምንተኛውን ልጅ ደግሞ ቤት ተቀምጬ በወረቀት የጨመርኩት ስለሆነ አይቆጠርም፤ እንደማንኛውም ቤት በር ላይ ሄጄ፣ ወላጅ ባለበት እመዘግባለሁ። ፈቃዱን መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ሲከቱት አየሁት። አንድ ዓመት! በአንዲት ፊርማ! ወጥቼ የግንቡን ግድግዳ በጡጫ መታሁት፣ ማንንም አልረዳም፣ እጄ አበጠ። ያውም የማነብበት እጅ።

መምህር ዳኜ በምርኩዛቸው ግድግዳውን ተከትለው መጡ። "ዕድሜው ስንት ነው አልሽ?"

"አሥራ ስድስት። እንደማትቀበሉ አውቃለሁ፣ ሕጉን አንብቤአለሁ።"

"እኔ ስሌት ስይዝ ሃያ ሦስት ነበርኩ" አሉ። "መጀመሪያ መዝግቢው። ሕጉን ከዚያ በኋላ እንጣላዋለን።"

ቅዳሜ ሰኔ 8

ሱሉልታ። ዝናብ ሌሊቱን ጥሎ ጠዋት አባራ።

መዝገቡን ይዤ በራችን ላይ ቆምኩ። እናቴ ከውስጥ አየችኝና፣ "ምን ሆነሽ ነው እንደ እንግዳ የምትቆሚው? ግቢ እንጂ!" አለች። አልገባሁም። በየሰው በር ላይ ያወጣሁትን ድምፅ አወጣሁ፣ ከፍ አድርጌ። ሰፈሩ ሲሰማ ይስማ።

"ከትምህርት ቤት ነው የመጣሁት፣ ለምዝገባ። እዚህ ቤት ዓይነ ስውር ልጅ አለ?"

የሺወርቅ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ዓይኗ እኔ ላይ፣ ከዚያ የሺወርቅ ላይ፣ ከዚያ መሬቱ ላይ። ትጮህብኛለች፣ ታባርረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ሰባት ዓመት የተሸከመችውን ነገር በአደባባይ አውርጄባታለሁ፤ ብትረግመኝም አልፈርድባትም።

ከጓሮ በኩል ነው መልሱ የመጣው። "አለ!" አለ ጌታቸው። ከዚያ በችኮላ፣ "ቆይ ግን፣ እንዳትሄጂ። ሸሚዜን ልለውጥ።"

"ነጩ እኮ አልተተኮሰም" አለች እናቴ፣ ለኔ ይሁን ለእሱ እንጃ፣ ቀስ ብላ። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደችና ወደ ውስጥ ገባች። ከሰል ስታቀጣጥል ሰማኋት። የሺወርቅ ከአጥሩ ላይ አልወረደችም።

እኔም መዝገቡን ስምንተኛው መስመር ላይ ከፍቼ ካውያው እስኪግል በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።